በእኛ ቤት ቡዕ ማለት

ቶቤሎ፣ ሃልማሄራ
ጃንዋሪ 14 ቀን 2017

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ኤቢል፣

ባሕር የለየን፣ ደም ያገናኘን እህቴ ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም በቤትዎ ይደር። ባለቤትዎ ጋሽ ሬንጊል፣ ልጆችዎ፣ ጎረቤትዎ፣ ጀልባዎ ሳይቀር እንደምን ከርመዋል? እኛ ክብር ይግባውና ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

ማንነቴን ይህን ደብዳቤ የያዘው የዓሣ ጀልባ ካፒቴን ነግሮዎት ይሆናል። አያቴ ኦባክና የእርስዎ አያት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ኦባክ በጃፓኖች ዘመን ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ማዕበል ወሰደው፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተንሳፍፎ እዚህ ደረሰ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አገሩን ሳያይ ሞተ። እኔ የበኩር ልጁ ልጅ ነኝ። አርባ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የቃላትን ዘር መቁጠር ሆኗል። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና “የሰው ዘር ቆጥረህ ሳትጨርስ!” ትለኝ ነበር።

አያቴ እስኪሞት ድረስ አንዲት የአገሩን ቃል አልለቀቀም። ያንን የሚታኘከውን ፍሬ ጎረቤቱ ሁሉ “ፒናንግ” ሲለው እሱ “ቡዕ” ነበር የሚለው። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። በእኛ ቋንቋ “ቡአህ” ማለት ማንኛውም ፍሬ ነዋ! ማንጎውም፣ ሙዙም፣ ፓፓያውም። ባለፈው ወር አንድ የድሮ መጽሐፍ ሳገላብጥ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሁለቱ ቃላት እህትማማቾች ናቸው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በታንኳ ደሴት ለደሴት የተሻገሩት ቀደምቶቻችን “ቡአቅ” ይሉ ነበር፤ ፍሬን ሁሉ፣ በተለይም ይህንን ፍሬ። ወደ እኛ የመጣው ቃል ሰፋ፣ ወደ እናንተ የሄደው ጠበበ። ይህን ሳነብ በአያቴ መሳቄ ጸጸተኝ።

በእኛ ዘንድ ቤት ስንቆጥር “አንድ ፍሬ ቤት፣ ሁለት ፍሬ ቤት” እንላለን። ከመንገድ ይዘነው የምንገባው ስጦታ “የእጅ ፍሬ” ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ወሬ “የከንፈር ፍሬ” ነው። የምንወደው ልጅ “የልብ ፍሬ” ነው። በእናንተስ ዘንድ ቡዕ ምን ማለት ነው? እባክዎ ይጻፉልኝ።

ሌላም ልመና አለኝ። የመጨረሻ ልጄ ኦክታፊና በመጪው ዓመት ፋሲካ ትታጫለች። የወንዱ ወገን ፍሬውን በሳህን አድርጎ ይመጣል፤ እኛም ከወገናችን ዛፍ የተቆረጠ ፍሬ እንመልሳለን። እኔ ዛፍ የለኝም። አያቴ ግን ከቤታቸው ጓሮ ሰባት የቡዕ ዛፎች እንደነበሩ ይነግረን ነበር። ከእነሱ ሰባት ፍሬ ቢልኩልኝ የልጄ ሳህን ሙሉ ይሆናል።

ወንድምዎ ሜልያኑስ

ባቤልዳኦብ፣ ፓላው
ማርች 22 ቀን 2017

ለተከበሩ ወንድሜ ለመምህር ሜልያኑስ፣

ሰላምታዎ ደርሶኛል፤ እጥፍ ሆኖ ይመለስልዎ። የሞተው ኦባክ ዘር በሕይወት ተገኘ ተብሎ እዚህ እልልታ ሆኗል። ሬንጊል ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነብቦኝ፣ “ከሚስቴ አያት ታላቅ ወንድም ወገን የመጣ ቃል ነው” ብሎ በሽማግሌዎች ቤት ዞሮበታል። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

ቡዕ በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ልንገርዎ፤ ጣሳ ማለት ነው።

ፍሬው ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ነጭ ኖራ ይነሰነስበታል፣ በቅጠል ይጠቀለላል፣ ጉንጭ ውስጥ ይወሸቃል። እስከዚህ ድረስ አያቶቻችንም አድርገውታል። የዛሬዎቹ ደግሞ ግማሽ ሲጋራ ቆርጠው ይጨምሩበታል። ከዚያ አፍ ሁሉ ደም የመሰለ ምራቅ ይሞላል፤ ምራቁም የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ባሌ የቡና ጣሳ አለው። ከአልጋው ሥር አንድ፣ ከበረንዳው አንድ፣ ከጀልባው አንድ። ሲታጠብ አይቶ አያውቅም፤ የማጥበው እኔ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት! ውስጡ እንደ ንፍጥ የሚጎተት፣ ላዩ አረፋ፣ ሥሩ አተላ። ትንፋሼን ይዤ ነው የማጥበው፣ እስካሁን አልለመድኩትም።

የሰርጋችን ፎቶግራፍ ላይ የሱ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወንዶቹ በሚቆሙበት በኩል በሰው ልክ ቀልቷል። ወጣቶቹ ከመኪና መስኮት “እንትፍ!” ሲሉ ከኋላ በሞተር የሚመጣ ሰው ፊቱን ያገኘዋል።

ከሁሉ የከፋውን ልጨምርልዎ። አንድ ቀን ከኮሮር ከተማ ስንመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መኪናው ውስጥ የሻይ ጠርሙስ አየሁ፣ ግማሽ ድረስ ያለው። አንስቼ ጨለጥኩ። ሻይ አልነበረም። ሬንጊል መኪናውን አቁሞ መንገድ ዳር ስቀረሽ ጀርባዬን እያሻሸ፣ “ይቅርታ ኤቢል፣ ክዳኑን አላጠበቅኩትም ነበር ወይ?” ይለኛል። ክዳኑን! የእኔ ሐሳብ ከመፍሰሱ ላይ ያለ መስሎታል። ታሪኩን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዛሬም ሻይ ሲቀርብልኝ “ክዳኑ ጠብቋል?” ይሉኛል።

እንግዲህ ወደ እናንተ የሄደው ቃል ልብ ሆነ፣ ስጦታ ሆነ። ወደ እኛ የመጣው ይኸው ነው። ዕጣው የወጣላችሁ እናንተ ናችሁ።

ዛፎቹን በተመለከተ፣ ሰባት የነበሩት ሦስት ቀርተዋል። ዘንድሮ ፍሬ አልያዙም።

እኔም አንድ ነገር ልለምን። በእናንተ አገር ብዙ ቅጠልና ቅመም አለ ይባላል። አፍ ውስጥ የወጣ፣ ወራት አልፎት ያልዳነ ቁስል መድኃኒት ታውቃላችሁ? ለአንድ ጎረቤቴ ነው።

እህትዎ ኤቢል

ቶቤሎ
ሜይ 20 ቀን 2017

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ኤቢል፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ደጅዎ በመልካም ወሬ ይከፈት። የጠርሙሱን ታሪክ ለኦክታፊና አነበብኩላት። እሷ በሳቅ ስትንፈራፈር እኔ ምሳዬን ተውኩ።

ለጎረቤትዎ የቅርንፉድ ዘይት ልኬያለሁ። በጥጥ እየነከሩ ቁስሉ ላይ ያድርጉለት፤ ስሜቱን ያደነዝዛል እንጂ አያድንም። ወራት ያለፈው ቁስል ከሆነ ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

ንቀትዎን ተረዳሁ፣ ግን ቃሉን አይጥሉብኝ። አያቴ በታንኳው ላይ በዚያ ፍሬ ነበር ረሃቡን ያታለለው። በመጨረሻ አንዲት ቀረችው። ጉንጩ ሊያደርጋት ሦስት ጊዜ ከቅርጫቱ አውጥቶ ሦስት ጊዜ መለሳት። እዚህ ሲደርስ ምግብ ሳይጠይቅ አካፋ ጠየቀና ተከላት። አልበቀለችም። እስከ እርጅናው ድረስ ውሃ ያጠጣት ነበር፤ ባዶ መሬት ነበር የሚያጠጣው። እኔ ልጅ ሆኜ አብዷል ብዬ አፍርበት ነበር።

ስለዚህ ነው ሰባቱን ፍሬ የምለምንዎ። ዛፎቹ ዘንድሮ አልያዙም ብለውኛል፤ ያጋጥማል። ካፒቴኑ ግን በኮሮር መንገድ ዳር የኤቢል ፍሬ የሚባል፣ አሥር አሥሩ በላስቲክ ታስሮ ሲሸጥ አይቻለሁ አለኝ። የሌላ ኤቢል ይሆናል።

አክባሪ ወንድምዎ ሜልያኑስ

ባቤልዳኦብ
ኦገስት 30 ቀን 2017

ሜልያኑስ፣

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ። አንተ ማለቴን ይቅር በለኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎ አይጻፍም። ሦስት ወር ሳልጽፍልህ የቆየሁት አፍሬ ነው።

ኤቢሏ እኔው ነኝ። ዛፎቹም ሰባቱም ቆመዋል፣ ፍሬአቸው በዘለላ በዘለላ ተንጠልጥሏል። ልጆቼን ያስተማርኩት፣ ይህን ጣራ ያለበስኩት በእነሱ ነው። ስዋሽህ የነበረው ያንን የረከሰ ነገር ለልጅህ ሳህን መላክ ስላልፈለግኩ ነው። የምጸየፈውን እየሸጥኩ መኖሬም ያው ሌላ ጸያፍ ነው፤ ምራቁን ሰደብኩ እንጂ ፍሬውን አንድ ቀን ሰድቤ አላውቅም።

ጎረቤት የሚባልም የለም። ጎረቤቴ ሬንጊል ነው።

ዘወትር ፍሬውን ከሚወሽቅበት ከግራ ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ። ከዚያ ቆሰለ። አሁን አፉ ሁለት ጣት ያህል እንጂ አይከፈትም። ጎደሬውን ቀቅዬ ፈጭቼ በሻይ ማንኪያ አበላዋለሁ። ፍሬውን ግን አልተወም፤ በሙቀጫ እየወቀጠ በቀኝ ጉንጩ ይይዛል። ሽታው ደግሞ የድሮው ሽታ አይደለም። የድሮውን አውቀዋለሁ፣ አብሮኝ ነው የተኛው። ይሄ የሞተ ዓሣ ሽታ ነው። ፊቴን አዙሬ እተኛለሁ፣ ከዚያ ባዞርኩት ፊቴ አለቅሳለሁ።

“ሬንጊል፣ አፍህ ይሸታል፣ ሐኪም ጋ እንሂድ” አልኩት።

ሳቀ። “ኤቢል፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይሸታል ስትዪኝ ኖረሽ። ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?”

“ይሄኛው ሌላ ነው።”

“ሻይ ጠጪበት፣ ይለቅሻል።”

ወንድሞቹን ጠራሁ። ስናገር አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። “ኤቢል መቼ ጥሩ ሽታ ሸቷት ያውቃል?” አሉ። ልጃችን ከጉዋም ደውላ ለመነችው፤ “እናትሽ ናት ያስደወለችሽ” ብሎ ዘጋው። ገባህ ሜልያኑስ? ሠላሳ ስምንት ዓመት በከንቱ ጮሄ ጮሄ፣ የሚጮህበት ቀን ሲመጣ ድምፄ ዋጋ አጣ። ራሴን የተጸየፍኩት ያን ቀን ነው።

እሱ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አንተን። የታላቅየው ወገን ነህ፤ ደብዳቤህን በላስቲክ ጠቅልሎ ከቅርጫቱ ውስጥ ከፍሬው ጋር ይዞት ይዞራል። የሱን ጠባይ ልንገርህ፣ የሰው ፍሬ ተቀብሎ ካኘከ በኋላ የሰውየውን ጉዳይ እንቢ ማለት አይሆንለትም፤ አንድ ቀን ሰው ፍሬ ይዞ መጥቶ መሬታችንን ቢለምነው ይሰጣል ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩት። ጻፍለት። ሐኪም ጋ ሂድ በለው። የቃል ዘር አትቁጠርበት፣ የአያትህን ታንኳ አታንሳበት። ሂድ በለው ብቻ።

ኤቢል

ቶቤሎ
ኦክቶበር 8 ቀን 2017

እህቴ ኤቢል፣

ጌታ ያጽናሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ከወንበሬ ሳልነሳ መሸ። የሌላ ኤቢል ይሆናል ብዬ ማሾፌ አሁን ያሳፍረኛል።

ለሬንጊል ጽፌያለሁ፣ አብሮ ተልኳል። በእኛም በእናንተም ትልቅ ነገር በባዶ እጅ አይለመንም። ስለዚህ የአያቴን የነሐስ ሳጥን ልኬለታለሁ፤ አንዱ ክፍል ለኖራ፣ አንዱ ለቅጠል፣ አንዱ ለፍሬ ነው። እዚህ ገበያ ካለው ምርጡን ፍሬ መርጬ ሞልቼዋለሁ። ሰውዬው ልመናዬን በክብር እንዲሰማኝ ብዬ ነው። ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ።

ወንድምሽ ሜልያኑስ

(ለሬንጊል)

ወንድሜ ሬንጊል፣

ሳጥኑ የኦባክ ነው። አሁን ያንተ ነው። ፍሬዬን ውሰድና አኝክልኝ። ካኘክህ በኋላ ልመናዬ ይህ ነው፤ አፍህን ለሐኪም ክፈት። ሌላ ልመና የለኝም፣ ምክንያትም አልጨምርም።

ሜልያኑስ

ባቤልዳኦብ
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2018

ለወንድሜ ለሜልያኑስ፣

ቤትህ ይባረክ፣ የልጅህ ደጅ በመልካም ይከፈት። ይህን የምጽፈው ዕቃዋ እስክትዘጋጅ ካፒቴኑን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ነው።

ሳጥንህ የመጣ ቀን አንተን ረገምኩህ። ክዳኑን ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። “እሳት አጥፋልኝ ብለው ጭድ ይዞ መጣ!” አልኩ። መምህር ይሉሃል! ልደብቀው ስል ሬንጊል ከኋላዬ ደረሰ። ነሐሱን በመዳፉ አሸው፣ አሸተተው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ወቀጠው፣ ኖራ አደረገበት፣ በዚያችው በተረፈችው ጉንጩ ያዘው። ጠላት የሆነ ሰው እንደሚታይ አየሁት። ለወንድሞቹ ሊያሳይ ሳጥኑን ይዞ ሊወጣ ሲል “ደብዳቤም አለው” አልኩ።

አነበብኩለት። አጭር ስለሆነ ድገሚልኝ አለ። ደገምኩለት።

ጣሳውን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ተፋ። ከዚያ “ልብሴን አዘጋጂ” አለኝ።

“ወዴት?”

“ሐኪም ጋ ነዋ! ፍሬውን አኝኬበታለሁ። አሁን ምን ልበል?”

ይህን ስሰማ ደስ ያለኝ መሰለህ? ተቃጠልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሚስት አፍ ያላስነሳውን ሰው አንድ እፍኝ ፍሬ አስነሳው። መንገዱን ሁሉ አላናገርኩትም። ኮሮር ያዩት ሐኪም ወዲያው ማኒላ ላኩን። እዚያ የግራ መንጋጋውን ግማሽና ከምላሱ ብዙውን ቆረጡ። ሐኪሙ “ሁለት ወር ቢዘገይ ኖሮ አልነካውም ነበር” አለኝ። ባንተ ፍሬ የተረፈ ነው፤ ልክድህ አልችልም፣ ላመሰግንህም አፌ እንቢ ይለኛል። እንዲያው ሁለቱንም ተቀበለኝ።

አሁን ቤታችን ገብተናል። አይናገርም። ሊናገር ሲሞክር የሚወጣው ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ ነው፤ እሱም ያፍርና ይተወዋል። በጣቱ ነው የምንግባባው። ጎበዝ ነው፤ በጣቱ እንኳ ይቀልድብኛል። ሻይ ባነሳሁ ቁጥር ክዳን የማጥበቅ ምልክት ያሳየኛል።

ባለፈው ሳምንት መጥረቢያዬን ይዤ ወደ ዛፎቹ ሄድኩ። ልጥላቸው ነበር። ሰባቱንም። አንዱን አንድ ጊዜ መታሁት። ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ሰባት ጣት አሳየኝ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ አመለከተ። ያንተን ደብዳቤ አልረሳውም። ከዚያም ቀለበት ጣቱን ነካ። የልጅህ ነገር ነው።

ስለዚህ ልኬልሃለሁ። ከየዛፉ አንድ አንድ፣ ሰባት ፍሬ፣ እኔ ራሴ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ። የአያትህን ሳጥን መልሰሽ ላኪልኝ ብትለኝ አልችልም፣ ራስጌው ነው የሚያስቀምጠው። ፍሬዎቹ ሳህኑ ላይ ይታዩ። ከታዩ በኋላ ግን ማንም አያኝካቸው፣ ኦባክ ውሃ ያጠጣበት ቦታ ላይ ትከላቸው። ይህን በሳህን አልለምንህም። አዝሃለሁ።

ቡዕ በእናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ጣሳ ማለት ነው አልኩህ። አሁንም ጣሳ ማለት ነው። መንጋጋው ስለማይዝለት ምራቁ ቀኑን ሙሉ ይፈሳል፤ ያንኑ የቡና ጣሳ አገጩ ሥር ይዤለት እቀመጣለሁ፣ ባሻገር ባሕሩን እናያለን። ከዚያ በእጄ እጠርገዋለሁ፤ በጨርቅ አይደለም፣ በእጄ። እኔ ኤቢል!

ትናንት ጣሳውን ላጥብ ወደ ውሃው ወረድኩ። ደፋሁት። ነጭ ነበር፣ ጥርት ያለ ነጭ፣ አንዲት የቀላች ነገር የለበትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አምላኬን የለመንኩት ይህንኑ ነበር። ጣሳውን እንደያዝኩ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና ቀዩን ተመኘሁ።

እህትህ ኤቢል